‹‹ስሜን ደረትሽ ላይ ካልተነቀስሽ አትወጂኝም››

በዚህ ሳምንት ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንዱን ብቻ መርጠናል። የመረጥነው ጭንቀቱ የጸሐፊዋ ብቻ ሆኖ ስላላገኘነው ነው። ታቱ ዛሬ በየሰፈሩ የወጣቱ ወሬ ሆኗል፤ አንዱ ክንዱን ገልጦ ይኮራበታል፣ ሌላዋ በሹራብ ሸፍና ቤተሰቧ ፊት ትቀርባለች። እስቲ አስቀድመን ደብዳቤውን እናንብብ። ስምና አድራሻ አውጥተናል፤ ከርዝመቱም ትንሽ ቀንሰናል።

‹‹ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ። ለጤናችሁ እንደምን አላችሁ? እኔ ከጭንቀቴ በስተቀር ደህና ነኝ። የ22 ዓመት ወጣት ስሆን በአንድ የግል ድርጅት በእንግዳ ተቀባይነት እሠራለሁ። በጣም የምወደው ጓደኛ አለኝ። ከተዋወቅን አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆኖናል። ባለፈው ልደቴ ዕለት እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ሲያሳየኝ ስሜን ተነቅሶት አየሁ። እውነቱን ለመናገር በደስታ አለቀስኩ። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ‹አሁን ተራው ያንቺ ነው፤ ስሜን ደረትሽ ላይ፣ ከልብሽ በላይ ትነቀሺልኛለሽ› አለኝ። ‹ቆይ ላስብበት› ብለው ‹የሚወድ ሰው አያስብም፤ ካልተነቀስሽ አትወጂኝም ማለት ነው› ብሎ አኮረፈኝ። የሚነቅሰው የሰፈሩ ልጅ ነው። ማሽን ከውጭ አስመጥቶ ቤቱ ውስጥ ይሠራል። ‹ለእናንተ በነፃ ነው› ብሎናል።

ለእናቴ ነገሩን በጨዋታ አስመስዬ ሳነሳባት እንደዚያ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። ‹ሰውነትሽን ካበላሸሽ ልጄ አይደለሽም› አለችኝ። የገረመኝ ግን እሷ ራሷ ግንባሯ ላይ መስቀል፣ አንገቷ ላይ ሦስት ዙር ንቅሳት አላት፤ ድዷም የተወቀረ ነው። ‹አንቺስ?› ብላት ምንም ሳትመልስልኝ ጓዳ ገባች። ቀጠሮው የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው። እባካችሁ መልሱልኝ። አንደኛ፣ በእናቴ ንቅሳትና በእኔ ታቱ መካከል ልዩነቱ ምንድነው? ሁለተኛ፣ በሽታ ያስይዛል የሚባለው እውነት ነው? ሦስተኛ፣ ካልወደድኩት ይጠፋል? ጭንቀታሟ እህታችሁ፣ ከአዲስ አበባ።››

እህታችን፣ ቀጠሮሽ ቅርብ ስለሆነ ወረፋ ሳናስጠብቅሽ ይኸው መልሱ። ‹‹ታቱ የዱርዬ ነው፣ ተይው›› ብለን በአንድ መስመር አንሸኝሽም፤ ‹‹ዘመኑ ነው፣ ተነቀሺ›› ብለንም አናሞቅሽም። ጥያቄሽን በየተራ እንየው።

አያቶቻችን ቀድመውናል

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ታቱ ከፈረንጅ ፊልም የመጣ አዲስ ነገር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እንግዳው ስሙ ብቻ ነው። ቃሉ የተወለደው በፓሲፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች ሲሆን እንግሊዞች ይዘውት የተመለሱት በ1769 እ.ኤ.አ. ታሂቲ ከደረሰው መርከባቸው ጋር ነው። ድርጊቱ ግን ከማንም አገር ታሪክ ይቀድማል። በ1991 እ.ኤ.አ. በኦስትሪያና በኢጣሊያ ድንበር ላይ፣ በረዶ ውስጥ የተገኘው የጥንት ሰው ከ5,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው፤ ቆዳው ላይ 61 ንቅሳት ተቆጥሮበታል።

በእኛም አገር ደጋው ክፍል ንቅሳት የቆየ ነው። ነቃሿ ብዙውን ጊዜ ሴት ናት። መሣሪያዋ እሾህ ወይም አንድ ላይ የታሠሩ መርፌዎች፣ ቀለሟ ደግሞ ከኩራዝ ወይም ከድስት የተፋቀ ጥላሸት በቅጠል ጭማቂ ተለውሶ ነው። ግንባር ላይ መስቀሉ ለእምነት፣ የአንገቱ ዙር ለውበት፣ የድዱ ውቅራት ጥርስ ነጥቶ እንዲታይና ድድ እንዲጠነክር ይባላል። የአንገቱ ንቅሳት እንቅርትን ያጠፋል ተብሎም ይታመን ነበር። እንቅርት በአብዛኛው የሚመጣው ግን ከአዮዲን እጥረት ስለሆነ መድኃኒቱ አዮዲን ያለው ጨው እንጂ መርፌ አይደለም።

አሁን ደግሞ የከተማውን ጉድ እንመልከት። የከተማ ልጅ ንቅሳት ያላትን የገጠር ልጅ ‹‹ፋራ›› እያለ ሲስቅባት ኖሯል። ግንባራቸውን በሻሽ ሸፍነው፣ አንገታቸውን በነጠላ ጠቅልለው፣ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ከድነው የኖሩ እናቶች ጥቂት አይደሉም። ዛሬ ያው መርፌ፣ ያው ጥቁር ቀለም በኤሌክትሪክ ሲሠራ ‹‹አራዳ›› ተባለ! ማሽኑም ቢሆን የትናንት ፈጠራ አይደለም፤ አንድ የኒው ዮርክ ነቃሽ ከኤዲሰን የኤሌክትሪክ ብዕር ሐሳብ ተነስቶ የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት በ1891 እ.ኤ.አ. ነው።

ስለዚህ እህታችን፣ ለመጀመሪያው ጥያቄሽ በቆዳ በኩል መልሱ አጭር ነው፤ ልዩነት የለም። ሁለቱም መርፌ ነው፣ ሁለቱም ደም ነው፣ ሁለቱም አይለቅም። ልዩነቱን ሌላ ቦታ ፈልጊው። እናትሽ ስትነቀስ ስንት ዓመቷ ነበር? ወድዳ ነው ወይስ ተይዛ? እሷን አናውቃትም፤ ከእሷ ትውልድ ግን ብዙዎቹ የተነቀሱት በልጅነታቸው ነው፤ አንዷ ዘመድ እጅ ይዛ፣ ሌላዋ እግር ይዛ፣ ‹‹አይዞሽ፣ ሴት ልጅ ነሽ፣ ቻይው›› እየተባሉ። ሕመሙም መልኩም በሌላ ሰው የተወሰነ ነበር። የእናትሽ ዝምታ ‹‹መልስ አጣች›› ከሚለው ሌላ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ቁጣዋ ሲበርድላት፣ ቡና ፈልቶ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ፣ ‹‹እማዬ፣ ስትነቀሺ አመመሽ? ማን ነው የነቀሰሽ?›› ብለሽ ጠይቂያት። ለመከራከር ሳይሆን ለመስማት። ‹‹አንቺስ?›› የሚለው ጥያቄ በር ይዘጋል፤ ‹‹እንዴት ነበር?›› የሚለው ይከፍታል።

መርፌው ምን ይዞ ይገባል?

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። የማሽኑ መርፌ በየሰኮንዱ ብዙ ጊዜ እየወጋ የላይኛውን ቆዳ አልፎ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ይዘልቃል፤ ቀለሙን እዚያ ይተወዋል። ሰውነታችን ቀለሙን እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚከላከሉለትን ሴሎች ይልካል። ሴሎቹ ቀለሙን ይውጡታል፤ መፍጨት ግን ያቅታቸዋል። እንደያዙት እዚያው ይኖራሉ፤ ሲሞቱም ሌሎች ሴሎች ቀለሙን ይረከቧቸዋል። ንቅሳት ዕድሜ ልክ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

መርፌው ቀለም ብቻ አይደለም የሚያስገባው። ካንቺ በፊት ሌላ ሰው የተወጋበት ከሆነ የዚያን ሰው ደም ይዞ ነው የሚመጣው። ሁሉም ሰው ኤች አይ ቪን ያስባል፤ ትክክል ነው፣ በተበከለ መርፌ ሊተላለፍ ይችላል። ግን ወጣቱ የማያስበው ሌላ አለ፤ የጉበት ቫይረስ። ሕዝቡ ‹‹የወፍ በሽታ›› ከሚለው ጋር የሚያያይዘው ሄፓታይተስ ቢ ከኤች አይ ቪ በብዙ እጥፍ በቀላሉ ይተላለፋል፤ ከሰውነት ውጭ፣ በደረቀ ደም ውስጥ ሳይቀር ቢያንስ ለ7 ቀን በሕይወት ይቆያል። ማለትም ባለፈው ቅዳሜ ሌላ ሰው የተነቀሰበት መሣሪያ ዛሬም ሊያስይዝ ይችላል። የያዘው ሰው ለዓመታት ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ጉበቱ ግን እየተጎዳ ሄዶ ወደ ጉበት ማሸብሸብ ወይም ካንሰር ሊደርስ ይችላል።

ደጉ ነገር ሄፓታይተስ ቢ ክትባት አለው። በአገራችን በሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው በ2007 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለዳችሁ በሕፃንነታችሁ በዚህ መንገድ አላገኛችሁትም። መጀመሪያ ተመርመሩ፤ ነፃ ከሆናችሁ ሦስቱን መርፌ ውሰዱ፤ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው በመጀመሪያው ቀን፣ በአንድ ወሩና በስድስተኛው ወር ነው። ታቱ ባትነቀሱም ይጠቅማችኋል። ሄፓታይተስ ሲ ደግሞ ክትባት የለውም፤ አብዛኛውን ሰው የሚያድን በአፍ የሚዋጥ መድኃኒት ግን አለው። መንጋጋ ቆልፍም (ቴታነስ) እንዳትረሱት፤ ክትባታችሁ ያለፈበት መሆኑን ጤና ጣቢያ ጠይቁ።

‹‹ተወግቻለሁ፤ መርፌው የሌላ ሰው ነበር›› የምትሉ ካላችሁ ደግሞ ሼም ይዟችሁ ቤት አትቀመጡ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ቶሎ ሲጀመር ይበልጥ ይሠራል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ቢወሰድ ይመረጣል። ‹‹እስቲ ሳምንት ልየው›› የሚባልበት ጉዳይ አይደለም።

‹‹ቤቱ ውስጥ በነፃ››

እህታችን፣ ያስፈራን ታቱው ሳይሆን ይሄ ‹‹ቤቱ ውስጥ በነፃ›› የሚለው ነው። ማሽን መግዛት ቀላል ነው፤ ማጽዳት ነው ከባዱ። ልጁ ጥሩ ሥዕል ሊሥል ይችላል፤ ግን ሥዕልና ንጽሕና የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። በነፃ የሚሠራ ሰው ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ መርፌ የሚገዛው በማን ብር ነው? ቤት ይሁን የታወቀ ቦታ፣ የትም ስትሄዱ እነዚህን ጠይቁ፤ የሚናደድ ነቃሽ ካጋጠማችሁ ተመስገን ብላችሁ ውጡ።

1ኛ. መርፌው የታሸገ ነው? እሽጉ ዓይናችሁ እያየ ይከፈት፤ ሲጨርስም ዓይናችሁ እያየ ስለት መጣያ ውስጥ ይጣል።

2ኛ. መርፌውን የሚይዘው የማሽኑ ክፍል የሚጣል ነው? ካልሆነ በምን ይጸዳል? ትክክለኛው መልስ ‹‹በኦቶክሌቭ›› የሚል ነው፤ በ121 ዲግሪ የጋለ እንፋሎት፣ በግፊት፣ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ። በአልኮል ጠርጎ፣ በላይተር ለብልቦ፣ በፈላ ውሃ ነክሮ ‹‹ንጹሕ ነው›› የሚል ሰው አያዋጣም።

3ኛ. ቀለሙ ከትልቁ ጠርሙስ በትንሽ ኩባያ ለእናንተ ብቻ ይቀዳ፤ የተረፈው ይደፋ እንጂ ወደ ጠርሙሱ አይመለስ። በቧንቧ ውሃ አይቅጠን። በ2011 እና በ2012 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በተበከለ ቀለም ምክንያት በርካታ ሰዎች ለወራት የማይድን የቆዳ ቁስል ይዟቸዋል። የአውሮፓ ኅብረትም ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በንቅሳት ቀለም ውስጥ ሊገኙ የሚችሉ ከ4,000 በላይ ኬሚካሎችን ከልክሏል ወይም መጠናቸውን ገድቧል። ስም የሌለው፣ ጽሑፉ የተላጠ ጠርሙስ ካያችሁ እምቢ በሉ።

4ኛ. ጓንት አድርጎ ስልክ ካነሳ፣ በር ከከፈተ፣ ጓንቱን መቀየር አለበት። ፀጉር ከላጨም በአዲስ ምላጭ ነው።

5ኛ. ቦታው ምን ይመስላል? ጫት የተበተነበት፣ ሲጋራ የሚጨስበት ክፍል ለጨዋታ እንጂ ለመርፌ አይሆንም። እናንተም ቀምሳችሁ አትሂዱ። መጠጥ ደሙን ያበዛዋል፣ ውሳኔውንም ያሳስታል።

6ኛ. ጽሑፍ ከሆነ ፊደሉን ሦስት ጊዜ አንብቡት። የጸሎቱ ‹‹ጸ›› ነው ወይስ የፀሐዩ ‹‹ፀ››? የሐመሩ ‹‹ሐ›› ነው ወይስ የሀገሩ ‹‹ሀ››? ነቃሹ አማርኛን ከስልክ የሚገለብጥ ከሆነ ፊደል ሊዘልም ሊያዛባም ይችላል። ቆዳ ላይ የተጻፈ በላጲስ አይጠፋም።

እርጉዝ የሆነች፣ ስኳር ወይም ደም ያለመርጋት ችግር ያለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ወይም የቆዳ በሽታ ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር ወደ መርፌው አይጠጋ። ከ18 ዓመት በታች የሆናችሁ ደግሞ ቆዩ። በ16 ዓመታችሁ የወደዳችሁትን ዘፋኝ ዛሬ ትሰሙታላችሁ?

ከተነቀሱ በኋላም ንቅሳቱ ቁስል ነው። በለስላሳ ሳሙናና በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፣ ቅርፊቱ አይላጥም፣ እስኪድን ድረስ ከፀሐይና ከዋና ይጠበቃል። ቡና መነስነስ፣ ቅቤ መቀባት፣ የጥርስ ሳሙና መለጠፍ ቁስሉን ያመረቅዘዋል። መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ከያዘ፣ ወይም ትኩሳት ከመጣ መልሱ ያለው ሐኪም ዘንድ ነው።

ደረት ላይ ለምን?

ጓደኛሽ የመረጠው ቦታ ለዘፈን ግጥም ያምር ይሆናል፤ ለቆዳ ግን መጥፎ ምርጫ ነው። እንደኛ ያለ ጠቆር ያለ ቆዳ ሲቆስል ጠባሳው ከቁስሉ አልፎ እያበጠ፣ እየጠነከረ ሊያድግ ይችላል። ሐኪሞች ‹‹ኬሎይድ›› ይሉታል። በጣም ከሚወዳቸው ቦታዎች አንዱ የደረት መካከል፣ ሌላው ትከሻ፣ ሌላው የጆሮ ጫፍ ነው። ጆሮሽን ስትበሺ እብጠት ቀርቶብሻል? የልጅነት ክትባትሽ ጠባሳ ክንድሽ ላይ አድጓል? እናትሽ ወይም ወንድምሽ እንዲህ ያለ ጠባሳ አላቸው? ለአንዱ እንኳ ‹‹አዎ›› ካልሽ ስሙ ደረትሽ ላይ የሚያርፈው እንደ ጽሑፍ ላይሆን ይችላል፤ እንደ ገመድ ያበጠ፣ የሚያሳክክ፣ በልብስ ሥር የሚታወቅ እብጠት ሊሆን ይችላል። ኬሎይድ ተቆርጦ ቢወጣ እንኳ ተመልሶ የማደግ ጠባይ አለው።

ካልወደድኩት ይጠፋል?

ሦስተኛው ጥያቄሽ ነው። ሌዘር የሚባል ሕክምና አለ። ብርሃኑ ቀለሙን እየሰባበረ ሰውነት ቀስ በቀስ እንዲያስወግደው ያደርጋል። ጥቁር ቀለም ከሌላው ይሻላል፤ አረንጓዴና ቢጫ ያስቸግራሉ። ግን በአንድ ቀን የሚያልቅ አይምሰልሽ። ብዙ ጊዜ ስድስት፣ ስምንት፣ አሥር ቀጠሮ ይጠይቃል፤ በየመሃሉም የሳምንታት እረፍት ስላለ ከዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ ሌዘሩ ከንቅሳቱ ቀለም ጋር የራስሽንም የቆዳ ቀለም ሊመታ ይችላል፤ ነጭ ጥላ ወይም ጠባሳ ይተዋል። ለእኛ ዓይነቱ ቆዳ የሚመረጠው 1,064 ናኖ ሜትር የሚባለው የሌዘር ዓይነት ነው። ክሊኒክ የሚሄድ ሁሉ ይህን ቁጥርና የቆዳ ሐኪም መኖሩን አስቀድሞ ይጠይቅ።

በአሲድ፣ በጋለ ብረት፣ በጨው ፈትጎ ማጥፋት የሚሞክሩ አሉ። ንቅሳቱ በጠባሳ ይተካል እንጂ አይጠፋም። ሲነቀሱ በነፃ የነበረ ነገር ሲያጠፉት የወር ደመወዝ ሊበላ ይችላል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የተባለው ለዚህ ነው።

‹‹ለጊዜው ብቻ ልየው›› ለሚል ሰው ሂና አለ። ስሙን በሂና አጽፈሽ እስኪለቅ ድረስ ይዘሽው ኑሪ፤ ስትታጠቢም፣ ሥራ ስትገቢም፣ ስትጣሉም እዪው። ጥንቃቄ ግን አለው። እውነተኛው ሂና ቡናማ ወይም ቀላ ያለ ነው። በደቂቃ ውስጥ ጥቁር የሚሆነው ‹‹ጥቁር ሂና›› ብዙ ጊዜ የፀጉር ቀለም የተቀላቀለበት ነው፤ ቆዳን አቃጥሎ ውሃ ያስቋጥራል፣ ዕድሜ ልክ ለፀጉር ቀለም አለርጂ ሊያደርግ ይችላል።

ሰው ምን ይላል?

‹‹የሰው ወሬ አያገባኝም›› ማለት ቀላል ነው፤ ቀጣሪሽም ግን ሰው ነው። አንቺ በእንግዳ ተቀባይነት ስለምትሠሪ ይህን አስቢበት። ብዙ አየር መንገዶች የበረራ አስተናጋጆች በዩኒፎርም ላይ ሆነው የሚታይ ንቅሳት እንዲኖራቸው አይፈልጉም፤ ኤሚሬትስ ይህን በቅጥር መስፈርቱ ውስጥ ጽፎት አይተናል። ሆቴሉም ባንኩም በአፉ ባይናገር በዓይኑ ይመርጣል። ለሴት ደግሞ ፍርዱ ይከብዳል፤ ወንዱ ሲነቀስ ‹‹ፍንዳታ ነው፣ ይበርድለታል›› የሚለው ሰፈር ሴቷ ስትነቀስ ስም ያወጣላታል። ልክ አይደለም፤ ግን አለ።

ሃይማኖትን በተመለከተ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 28 ላይ ሰውነት ላይ ምልክት ማድረግን የሚከለክል ትእዛዝ አለ፤ የሚከለክሉ ሰዎች የሚጠቅሱት እሱን ነው። በሌላ በኩል የደጋው ክርስቲያን እናቶች ግንባራቸው ላይ መስቀል አለ፤ የግብጽ ኮፕቶች የእጃቸው አንጓ ላይ መስቀል ይነቀሳሉ፤ ኢየሩሳሌም የሚሳለሙም ለመታሰቢያ የሚነቀሱበት የቆየ ልማድ አለ። በእስልምና አብዛኞቹ ሊቃውንት ቋሚውን ንቅሳት ይከለክላሉ፤ ሂናው ግን የተፈቀደ ነው። እኛ ፈራጆች አይደለንም። የንስሐ አባት ያለው የንስሐ አባቱን፣ ሙስሊሙም ኡስታዙን ይጠይቅ።

ለኳስ አፍቃሪዎች አንድ እንጨምር። ስሙን ሳንጠራው የምታውቁት የፖርቱጋሉ ኮከብ ሰውነቱ ላይ ንቅሳት የሌለው ደም ስለሚለግስ መሆኑን ተናግሯል። በብዙ አገር የደም ባንኮች የተነቀሰ ሰው ለወራት ደም እንዳይሰጥ ያቆዩታል። ንቅሳት የሌለበት ሰውነት ፋራ ነው የሚል ካለ ለእሱ ይንገረው!

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ

እህታችን፣ ሦስት ጥያቄ ጠይቀሽናል፤ አራተኛውን ግን ሳትጠይቂን አለፍሽው። እሱ ነው ደብዳቤውን ያጻፈሽ። ‹‹እምቢ ብለው ይተወኛል?›› የሚል ነው።

ጓደኛሽ ስምሽን ሲነቀስ አስፈቅዶሻል? አላስፈቀደሽም። ገላው የእሱ ነው፣ መብቱ ነው። ስጦታ ግን ከተሰጠ በኋላ ደረሰኝ አይቆረጥለትም። ‹‹እኔ አድርጌያለሁ፣ አንቺም አድርጊ›› ሲባል ስጦታው ብድር ሆነ። ‹‹የሚወድ ሰው አያስብም›› ያለውንም አልወደድንለትም። ፎንቃ ሲይዝ አይታሰብ ይሆናል፤ ፍቅር ግን ያስባል። ያውም ስለ ወደደው ሰው ቆዳ፣ ስለ ጉበቱ፣ ስለ እንጀራው፣ ስለ እናቱ ዕንባ አብልጦ ያስባል።

ልጁን ክፉ ነው አላልንም። ምናልባት ፈርቶ ይሆናል፤ ሰው የሚያጣው ሲመስለው ስሙን መጻፍ ያምረዋል። ግን በስም የታሠረ ሰው የለም። ስሙ ደረትሽ ላይ ስላለ አይቀርም፤ ስለሌለም አይሄድም። ቢሄድ ደግሞ እሱ ይሄዳል፣ ስሙ ይቀራል።

በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ያስጀመርንሽን አሁን ጨርሺው። እናትሽ በልጅነቷ ተይዛ ከሆነ የተነቀሰችው፣ ‹‹አልፈልግም›› የሚል አፍ አልነበራትም። አንቺ 22 ዓመትሽ ነው። አንቺንም ‹‹ተነቀሺ›› የሚልሽ ሌላ ሰው ነው፣ ቦታውንም የመረጠው ሌላ ሰው ነው፣ ቀኑንም የቆረጠው ሌላ ሰው ነው። ከእናትሽ የሚለይሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንቺን ማንም እጅና እግርሽን አልያዘሽም። ያንን ነፃነትሽን በኩርፊያ አትሽጪው።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። ቀጠሮውን ሰርዢው፤ ‹‹አራዝሚው›› አላልንም፣ ሰርዢው። ለጓደኛሽ ፊት ለፊት፣ ሳትቆጪ፣ እንዲህ በይው፦ ‹‹እወድሃለሁ። ደረቴ ላይ ግን ማንንም አልጽፍም። ክንድህን ሳይ ደስ ብሎኛል፤ ብድር መሆኑን ግን አልነገርከኝም።›› ከዚያ ዝም በይና መልሱን ስሚ። ‹‹ይቅርታ፣ አላሰብኩትም›› ካለ ደህና ልጅ ይዘሻል። ኩርፊያው ከቀጠለ፣ ነገ ደግሞ ልብስሽን፣ ሥራሽን፣ ጓደኛሽን ‹‹ካልተውሽልኝ አትወጂኝም›› ሊልሽ እንደሚችል ከወዲሁ እወቂ። ስሙን ሳትጽፊ ጠባዩን አንብበሻል ማለት ነው።

ከዓመት በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቅሽ፣ ለራስሽ የመረጥሽው ምልክት ካለና አሁንም ካማረሽ ያኔ ይህን ጽሑፍ አውጥተሽ ዝርዝሩን አንብቢ፤ ተመርመሪ፣ ተከተቢ፣ ንጹሕ ቦታ ፈልጊ፣ ኬሎይድ የማይወደውን ቦታ ምረጪ። ያኔ ‹‹ተነቀሽ›› ሲሉሽ የምትመልሽው የራስሽ መልስ ይኖርሻል። ቀድሞ መጥኖ መደቆስ ነው እንጂ ድስት ጥዶ ማልቀስ አይጠቅምም።

ለወንዶች አንባብያንም አንድ ቃል። የሴት ልጅ ቆዳ የፍቅር ፈተና መፈተኛ ወረቀት አይደለም። ስማችሁን የምትጽፉበት ደብተር ከፈለጋችሁ ከየሱቁ ይገዛል።

የተነቀሳችሁ፣ ተነቅሳችሁ የተጸጸታችሁ፣ ወይም ተነቅሳችሁ ደስ ያላችሁ ካላችሁ ጻፉልን፤ ስማችሁን አናወጣም። ለሚቀጥለው ሳምንት በሰላም ያገናኘን። ቸር ይግጠመን።